አባዬ፣ ትሬይለሯ እና የእኔ ጉድ

እናንተዬ፣ ዛሬ አባቴ ጠፉብኝ ብዬ 911 ደወልኩ።

አልጠፉም ነበር!

መሳቅ ያማራችሁ ሳቁ። እኔ አልቅሼ ጨርሼ ነው የምጽፈው። (ውሸት። አልጨረስኩም።)

ሶ፣ በመኪናዬ የምጎትታትን ትንሿን ትሬይለሬን ታውቋታላችሁ፤ ፎቶዋን እየለጠፍኩ ያሰለቸኋችሁን። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ቁም ሳጥን የምታክል ሽንት ቤት። ከሰው እጅ ነው የገዛኋት። የበሯ እጀታ ከውስጥ አይከፍትም። "ነገ አሠራዋለሁ" ስል ዓመት ሞላኝ።

ይሄን ሁሉ ስለጥፍ ግን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

ሪቻርድሰን ከተማ ያለው ስራዬ የለም። ሌይኦፍ ከተደረግኩ አራት ወር ሆነኝ።

አራት ወር ሙሉ ሸሚዜን ተኩሼ፣ የላፕቶፕ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ "አባዬ፣ ስራ ሄድኩ" ብዬ ዋይሊ ካለው ቤቴ እወጣለሁ። የምሄደው ትሬይለሯን በኪራይ ፓርክ ወደማደርግበት የስቶሬጅ ግቢ ነው። ቀኑን ሙሉ እሷ ውስጥ ተቀምጬ ስራ አፕላይ አደርጋለሁ። ወደ ማታ "ኡፍ፣ ዛሬማ ሚቲንግ ገደለን" እያልኩ እገባለሁ።

ሚቲንግ! ከማን ጋር? ከምድጃዋ ጋር?

ለምን ዋሸሽ በሉኝ። እዚሁ ቴክሳስ፣ ፍሪስኮ የሚኖር ዳዊት የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ። ቤቱ ሰፊ፣ ሁሉ ነገሩ በፕላን። እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬ እኔ ጋ ሲገቡ፣ "አንድ ነገር ካጋጠመሽ አባዬ ወዲያው ወደ እኔ ይመጣሉ" አለኝ። በደግነት ነው ያለው። እኔ ግን ከአባዬ ሌላ ቤቴ ውስጥ ማንም የለኝም። እንደ ማስፈራሪያ ነው የሰማሁት።

ግን ውሸት ይደክማል። እናም ዛሬ ቅዳሜ አባዬን ሐይቅ ዳር ወስጄ፣ ካምፕ አድርገን፣ ረጋ ብዬ እውነቱን ልነግራቸው ወሰንኩ።

ረጋ ብዬ!

ከከተማ ወጣ እንዳልን ጋዝ ስቴሽን ቆምኩ። አባዬ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። በረዶ ገዝቼ ስመለስ የትሬይለሯ በር ገርበብ ብሏል። "ውይ፣ ሳልዘጋው ነው እንዴ የመጣሁት!" ብዬ ጠረቀምኩት። ቆለፍኩት። የኋላውን ወንበር በመስኮት አየት አደረግኩ፤ ጋቢው እንደተጠቀለለ ነው። ነዳሁ።

መንገድ ላይ ድፍረት መጣብኝ። ለምን ተኝተው ሳሉ አልለማመደውም?

"አባዬ፣ ስራ የለኝም" አልኩ በለሆሳስ። ጋቢው ዝም። ቀጠልኩ። ስቶሬጁን ተናገርኩ፣ ሚቲንጉን ተናገርኩ፣ "ዳዊት ይወስድዎታል ብዬ ፈርቼ ነው" አልኩ። አርባ ደቂቃ! ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ተናዘዝኩ። ሲያልቅ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ቢሰሙኝም ይስሙኝ አልኩ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ "አባዬ፣ ደረስን" ብዬ ጋቢውን ነካ አደረግኩ።

ትራስ።

ለትራስ ነው ንስሐ የገባሁት!

ስልካቸው ፊት ለፊቴ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ጋዝ ስቴሽኑ ላይ ጥያቸው መጥቻለሁ! ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ስልክ የላቸውም፣ ፀሐዩ የቴክሳስ ፀሐይ ነው። ትሬይለሯን እንደጎተትኩ አዙሬ በረርኩ። 911 ደወልኩ። ቀጥሎ ዳዊትን ኮል አደረግኩ።

"አባዬን ጥያቸው መጣሁ!"

"መጣሁ" ብቻ ብሎ ዘጋ።

ስደርስ ፖሊሱ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ረጋ ያለ ሰውዬ። የሱቁ ልጅ አላየሁም አለች። ዳዊትም ደረሰ፣ ከንፈሩ ደርቋል።

"ትሬይለሩ ውስጥ አይተሻል?" አለኝ ፖሊሱ።

"ራሴ ነኝ የቆለፍኩት!" ብዬ ጮህኩበት።

እንደገና አንብቡት እስቲ። ራሴ ነኝ የቆለፍኩት።

ፖሊሱ ወረቀቱን መሙላት ቀጠለ። ስልክሽን ባታነሺ የምናገኝሽ የስራ ቁጥር አለሽ ወይ አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ዳዊት የድሮ መሥሪያ ቤቴን ስም ነገረው።

አባቴ ጠፍተው ደግሞ ልዋሽ? አቃተኝ።

"እዚያ አልሰራም" አልኩ።

"ምን?" አለ ዳዊት በአማርኛ።

"ከተባረርኩ አራት ወር ሆነኝ። በየጠዋቱ ስራ ሄድኩ የምላቸው ውሸቴን ነው። አባዬን እንዳትወስድብኝ ብዬ ነው!"

ዳዊት ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ከትሬይለሯ ውስጥ።

"ልጆች" አለ የአባዬ ድምፅ፣ "ክፈቱልኝ እንጂ።"

ፖሊሱ እንዴት እንዳየኝ አልጽፈውም። ቤንዚን የሚቀዳ አንድ ሰውዬ አጨበጨበ። አጨበጨበ እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የጋዝ ስቴሽን ሽንት ቤት ይቀፋቸዋል፤ ሶ፣ እኔ በረዶ ስገዛ ትሬይለሯ ውስጥ ገቡ። ቆለፍኩባቸው። ደበደቡ፣ ጮኹ፣ አልሰማሁም። መኪናው ሲነሳ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ጸለዩ። እንቅልፍ ወሰዳቸው። የነቁት በእኛ ጩኸት ነው።

ሁሉንም ሰምተዋል።

አልተቆጡም። የትሬይለሯ ደረጃ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን እያዩ፣ "እኔ በየጠዋቱ የምቋጥርልሽን ምሳ የት ነው የምትበይው?" አሉኝ።

እናንተዬ። አስራ አንድ ሰዓት ሌሊት ተነስተው ነው የሚቋጥሩልኝ።

"እዚሁ ውስጥ፣ አባዬ።"

ዘወር ብለው አልጋዋን፣ ምድጃዋን፣ ትንሿን ጠረጴዛ አዩ።

"ዳዊት፣ ጋቢዬን አምጣልኝ" አሉ። "ከአንተ ጋር ነው የምሄደው።"

"አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ተቀይሜሽ አይደለም። ደሞዝ በሌለበት ቤት ተጨማሪ አፍ መሆኔን ባውቅ ቀድሜ እሄድልሽ ነበር።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር! ዳዊት እንኳ "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም። ትከሻዬን ያዝ አደረገና መኪናውን አስነሳ።

እኔ ወደ ሐይቁ ተመለስኩ። ለካምፑ ሪዘርቬሽን የከፈልኩት ብር አይመለስም፣ ቤት ደግሞ ባዶ ነው። እዚህ ካምፑ ላይ ጎረቤቶቼ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ናቸው፣ ሥጋ ይጠብሳሉ። ብቻሽን ነሽ ወይ አሉኝ። ባሌ እየመጣ ነው አልኳቸው። ባል የለኝም!

አያችሁ? አልድንም።

አሁን ዳዊት "ደርሰናል" ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። አባዬ አጠገቡ ናቸው ማለት ነው። ስልኩን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከ"ሄሎ አባዬ" በኋላ ያለውን አላውቀውም። እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምራላችሁ? ከስራው? ከውሸቱ? ቆልፌብዎት ስለነዳሁ ይቅርታ ከሚለው?

ወይስ... "ምሳ በሉ?" ብዬ ብጀምር ይዘጉብኛል ብላችሁ ታስባላችሁ?