ሊቀ ማስረጃና የታችኛው ሜዳ

በየቤተሰቡ ማስረጃ ካላየ ጨው ጨው መሆኑን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ፤ ለእኛ ቤት የደረሱት ሊቀ ማስረጃ ናቸው። የእህቴ ባል፣ በማዘጋጃ ቤቱ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ክፍል የጥናት ባለሙያ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ይገባቸዋል።

ከእሳቸው ጋር ወግ አይያዝም። «ዘንድሮ ሙቀቱ በዛ» ብትሏቸው፣ «ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር?» ይላሉ። «ሰው ሁሉ እኮ ያውቀዋል» ካላችሁማ አለቀላችሁ። «ሰው ሁሉ ማለት እነማን? ጠይቃችኋቸዋል?» እህቴ መጀመሪያ እወድሃለሁ ያለቻቸው ቀን እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምን አይተሽ?» አሏት አሉ። እሷም አገባቻቸው። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ጊዜ የምክር ቤቱ አባላት የአውቶቡስ ማቆሚያውን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት እናድርገው ብለው ተስማሙ። «ለሁሉም ይመቻል» ተባለ። ሊቀ ማስረጃ «ለሁሉም» የሚል ቃል ሲሰሙ ያማቸዋል። በርጩማ ይዘው ሄዱና መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚሻገረውን ሰው መቁጠር ጀመሩ፤ ፀሐይ ስትወጣ እዚያ፣ ስትገባም እዚያ። ሰፈሩ ሰላይ ናቸው አለ። አንዲት ሴትዮ ግን አሳዘኗት መሰለኝ፣ አጠገባቸው ባስቀመጡት ባርኔጣ ውስጥ ሳንቲም ጣል አድርጋ አለፈች። ሮጠው ደረሱባትና ሳንቲሙን መልሰው «በቀን ስንት ጊዜ ይሻገራሉ?» ብለው ጠየቋት። ከሚሻገረው አብዛኛው ሕፃን መሆኑ ስለታየ ማቆሚያው በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው መንገድ ተዛወረ። የእኔም ልጆች የሚማሩት እዚያ ስለሆነ ዝም ብያለሁ።

የታችኛው ሜዳ ነገር ግን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። እሳቸውና እህቴ ከኪራይ ቤት ኑሮ ለመገላገል ስንት ዓመት ቆጥበው እዚያ ቦታ ገዝተዋል። እህቴ የወጥ ቤቱ መስኮት በየት በኩል እንደሚሆን ሁሉ ወስናለች። የቀረው ሜዳው በአዲሱ ፕላን ለመኖሪያ ቤት መመደቡ ብቻ ነበር። ይህን የሚወስነው ጥናት ለማን የተሰጠ ይመስላችኋል? «እኔም እዚያ ቦታ አለኝ» ብለው ቢያመለክቱም «ሌላ ባለሙያ የለንም» ተባሉ።

ክረምቱን ሙሉ የጎማ ቦት አድርገው በዚያ ጭቃ ሲንከራተቱ ከረሙ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ችካል ተከሉ፤ ዙሪያውን የሚኖሩትን ጠየቁ፤ ከየቤቱ የድሮ ፎቶግራፍ ለመኑ።

ጥናቱ በቀረበበት የሕዝብ ስብሰባ ላይ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። የጥናቱን ውጤት ጠዋት ነግረዋታል፤ እሷ ግን «በራሱ ላይማ አይፈርድም» ብላኛለች። ሊቀ ማስረጃ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ሜዳው ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ ቤት ቢሠራበት ሰው ከነልጆቹ እንደሚጥለቀለቅ፣ ስለዚህ ሜዳ ሆኖ መቅረት እንዳለበት አስረዱ። አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንድ ነጋዴ ተነሥቶ «የራሱ ቦታ ቢሆን እንዲህ ባላለ!» ብሎ ጮኸ።

«የራሴም አለበት» አሉ በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምፃቸው። ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳረፉ። «ይቺ ናት። ክረምቱን ከጉልበት በላይ ውሃ ይዛ ከርማለች።»

ነጋዴው ቁጭ አለ። እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች። ጥናቱ ጸደቀ፤ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ቀልዱንም አንቱታውንም ልተወው። ስንመለስ እህቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ካርታውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ድንገት ቆመችና ዞረች።

«አሁን የት ልንኖር ነው?»

«እኔ እንጃ» አላት። «የት መኖር እንደሌለብን ብቻ ነው የማውቀው።»

አየችው፣ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ትገድለኛለህ እኮ» አለችና ክንዱን ያዘችው።

ይሄኔ አፌ ቀደመኝ። «እኛ ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራዩ ለቋቸዋል፤ ግቡባቸው» አልኩ። «ቤታችሁን እስክትሠሩ ድረስ። አሥር ዓመትም ቢሆን!»

ሚስቴን እንኳ አላማከርኩም። ምን ላድርግ፣ ይህን ነዝናዛ ሰው ለካ እወደዋለሁ።