የሲልቫና ሞክሼ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ጅማ ላይ ባነር እያተምኩ ለማድረው ለእኔ ብትጠይቁኝ ግን መልአኩ ሥራውን ለስልክ አስረክቦ ጡረታ ወጥቷል። የክርስትና ባነር ሊያሳትም የሚመጣ አባት ሁሉ ስልኩን ይዘረጋና ይቺን ስም ጻፍልኝ ይለኛል። ምን ማለት ነው ስለው መልሱ አንድ ነው፦ ያምራላ! ማማሩስ ያምራል፤ ግን ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጠራበትን ነገር ምንነቱን ሳይጠይቅ ይሸከማል?

ወዳጄ ደረጀም እንዲሁ መጣ። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው፤ ድግሱ ከጅማ ወጣ ብሎ፣ የቡ ከተማ፣ እናቱ ቤት። ስሟ ሲልቫና። እዚህ አገር ሁለተኛ የላትም አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ደረጀ በዚያ ሰሞን ሌላም ጉዳይ ነበረው። ከእናቱ ከእማማ አስካለ ጓሮ የቡና ጫካ አለ፤ ቡናው በትልልቅ ዋንዛዎች ጥላ ሥር ያደገ። ደረጀ ዋንዛዎቹን ለጣውላ ሸጦ ቦታውን ጫት ሊያደርገው ቆርጧል። የሚቆረጡት ግንዶች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ መጋዙ የሚገባው ከድግሱ ማግስት ነው። እማማ አስካለ አንጀታቸው እያረረ ዝም አሉ። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነዋ! እንቢ ብለው ቢያኮርፋቸውስ? "ምን ላድርግ ልጄ፣ ነገ ያው የሱ ነው" አሉኝ አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ከዛፎቹ ሳይነቅሉ።

እኔ ደግሞ ባነሩ ላይ ምን ሥዕል ላድርግ ብዬ የስሙን ትርጉም ፈለግሁ። ላቲን ነው፤ የጫካ፣ የዱር ልጅ እንደ ማለት። አረንጓዴ ዛፍ አድርጌበት አተምኩ። ደረጀ ባነሩን አይቶ ቀለሙን አደነቀና ከፍሎኝ ሄደ።

የክርስትናው ዕለት ተበልቶ ተጠጥቶ ምርቃት ደረሰ። እማማ አስካለ ሕፃኗን ታቅፈው ቆሙና አፋቸው ተሳሰረ። እንደ ስሟ ያድርጋት እንዳይሉ የስሟን ትርጉም አያውቁትም። "ሜ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ማለት ነው? ደግሞስ ሞክሼዋ ማን ነች?" አሉ። እኛ ዘንድ ሞክሼ ቀላል ነገር መሰላችሁ? በስም የተገናኘ በሥጋ ከተገናኘ አያንስም፤ ይሳሳል፣ ስጦታ ይሰጣጣል፣ ክፉ ቢያደርግበት ነውር ነው። ደረጀ የፈረንጅ ስም ነው፣ ሞክሼ የላትም ብሎ ሊያልፈው ሲል ይህ የማያርፍ አፌ ቀደመው። ጫካ ማለት ነው እማማ፣ አልኩ።

እማማ ልጅቷን አዩ፣ በበሩ አሻግረው ጓሮውን አዩ። "እንግዲያ ሞክሼዋ እዚሁ ናት" ብለው ወጡ። እኛም ብርጭቋችንን እንደያዝን ተከተልን።

ከሳምንት በፊት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ቡናው አብቧል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የቡና አበባ ብርቄ አይደለም። ያን ዕለት ግን ባለሁበት ቆምኩ። ከሥር ነጭ በነጭ፣ ከላይ ዋንዛዎቹ ሰማዩን ይዘውታል፤ ሽታው ያሰክራል፣ ንቡ ይተማል። ያ ሁሉ ሲጫወት የነበረ እንግዳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንዱ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁና እኔም አወለቅሁ። ፈራሁ ልበል? ፍርሃትም አይደለም። ለካ ስታትመው የከረምከው ቃል ፊትህ ሲቆም አንገት ያስደፋል።

እማማ ቀይ ቀለም የተቀባውን ትልቁን ዋንዛ ተጠጉና የልጅቷን መዳፍ ከግንዱ ላይ አኖሩ። "ሞክሼሽን አመጣሁልሽ" አሉት ዛፉን። "ዕድሜሽን ስጫት፣ ሥርሽን ስጫት፣ ጥላሽ አይለያት።" አሜን አልን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ "የልጅህን ሞክሼ ነገ ነው የምታስቆርጣት?" አሉት።

ደረጀ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ግንዱን አየ። ስሙን ያወጣው ራሱ! መጋዙ ሳይገባ ቀረ፣ ዋንዛዎቹም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። እኔን ግን ዓመት ሙሉ አኮረፈኝ።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ ብቅ አለ። ታረቅን። ሚስቱ ሁለተኛ ልታስከትል ነውና ስም ፈልግልኝ አለኝ። ምን ዓይነት ስለው ግራ ቀኙን አየት አድርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። በየትኛውም ቋንቋ ምንም ማለት ያልሆነ ይሁን አለኝ፤ ወንዙ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ገና አልተሸጡም።