እንትን ባዩ ጓድ አረጋዊ

በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይጎድል ይሆናል እንጂ «እንትን» ባይ አይጎድልም። የነገር ስም ከአፉ አይወጣም፤ በሩም፣ አለቃውም፣ ምሳውም እንትን ነው። ቦሌ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ዳር ባለው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ይህን ወገን በሙሉ ወክለው የተቀመጡት የንብረት ክፍሉ ክቡር ጓድ አረጋዊ ነበሩ።

«እስቲ እንትንን ጥሪልኝና እንትኑን እንትን ያድርገው» ይሏታል ጸሐፊያቸውን ወይንሸትን። ወይንሸትም ምንም ሳትጠይቅ ሹፌሩን ጠርታ መኪናውን ታስነሳለች። ለቅሶ ቤት ገብተው «እንትን ያጽናችሁ» አሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬም እግዜርን አለመጥራታቸውን ሰምቶ «የነቃ ሠራተኛ» ብሎ አመሰገናቸው የሚባለውን ግን ሣባ አታምንም።

ሣባ ከቡልጋሪያ ተምራ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ኮርፖሬሽኑ ኮምፒዩተር ሲያስመጣ ሠራተኛውን እንድታስተምር ታዘዘች፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቫሪያብል ሆነ።

«ስም የተለጠፈበት ሣጥን በሉት» አለች። «ስሙ አይለወጥም። ውስጡ የሚገባው ነው የሚለዋወጠው።»

ሰው ሁሉ አፍጥጦ ቀረ። የጓድ አረጋዊ ፊት ብቻ በራ።

«እንትን በይና፣ ልጄ! ይኸማ እንትን ነው።»

ሣባ ክው አለች። እውነታቸውን ነው እኮ! እሷ ባሕር ተሻግራ የተማረችውን ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩት ኖረዋል። ደስ ብሏት ምሳሌ ልጨምር አለች፤ የባሰው መጣ። ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለችና «ሊቀመንበር» ብላ ጻፈችበት። የሰፈሯን የቀበሌ ሊቀመንበር ማለቷ ነበር።

«ዛሬ ገሰሰን እናስገባ። ነገ እሸቴን ስናስገባበት ገሰሰ ይጠፋል።»

«የፊተኛው እንትንስ የት ይሄዳል?» አሉ ጓድ አረጋዊ።

«የትም። ሣጥኑ አያስታውሰውም።»

ወይንሸት እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሣባ ዞር ብላ የገዛ ጽሑፏን ያነበበችው ያኔ ነው። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ሲባል አገር በሙሉ የሚያስበው አንድ ሰው፣ የአገሩን መሪ ነው፤ እሷ ደግሞ ይቀየራል፣ ይጠፋል ብላ አስተማረች። ፈጥና ሰሌዳውን ጠረገችው።

በማግስቱ ካድሬው ጓድ ሙሉአለም አስጠራት። ማን እንደነገረው አልጠየቀችም። በእንዲህ ያለ ወሬ ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ስንቱን ታውቃለች። ለምስክርነት ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ይሻላል ተብሎ ጓድ አረጋዊ ተጠሩ።

«ሰሌዳው ላይ ምን ብላ ጻፈች?»

«እንትን።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንትኑ ውስጥ አዲስ እንትን ሲገባ፣ የፊተኛው እንትን እንትን ይሆናል አለች።»

«ሊቀመንበር የሚል ቃል ተናግራለች ወይ?»

«የትኛውን እንትን ማለትዎ ነው?»

ካድሬው ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደግሞ ጻፈ። ቃሉ ለበላይ አካል የሚላክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን እንትን ብቻ ነው። ይህን ቢልክ መሳቂያ የሚሆነው ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ቀደደና «ሂዱልኝ፣ ሁለታችሁም ሂዱልኝ» አለ።

አብረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ።

«ምን ብዬ ላመስግንዎት?» አለች ሣባ።

ጓድ አረጋዊ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ጥርት ያለ አነጋገር ተናገሩ።

«ሣጥኑ አያስታውሰውም ብለሻል። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ። ኃይለኪሮስ ይባላል። የመጀመሪያ ልጄ ነው። አንድ ቃል ተናገረ ብለው ወሰዱት። አንቺን ደግሞ አልሰጣቸውም።»

ሣባ እኚህ ሰው ስም ሲጠሩ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «እንትን» ሲሉ በሰማች ቁጥር አንገታቸውን አቅፋ ልትስማቸው ያምራታል።

ከመገናኛ በኩል አውቶቡሱ ብቅ አለ።

«ነይ እንግዲህ፣ እንትን መጣ» አሉ።

ምንም ሳትጠይቅ ተከተለቻቸው።