መስኮት ያለው ጫማ

ክረምት መግባቱን ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግረኝ የግራ እግሬ ነው። ሬዲዮ ይሳሳታል፤ እግሬ ግን ተሳስቶ አያውቅም። እናንተም ዕድሜ ይስጣችሁና ትደርሱበታላችሁ።

ዛሬ እግሬን ትራስ ላይ ስሰቅለው ያ የወረፋ ዘመን ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ያልተሰለፍንለት ነገር ምን ነበር? ለስኳር ተሰለፍን፣ ለዘይት ተሰለፍን፣ ለሳሙና ተሰለፍን። ከወረፋ የተረፈውን ቀን ደግሞ ለሰልፍ አደባባይ ወጣን። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው? እግር!

ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። በትንሿ ጣቴ ጎን ቆዳው ደንድኖ ጉጥ አበቀለ። ጉጥ ስላችሁ ሽምብራ የሚያክል እንዳይመስላችሁ፤ የእንጦጦ ታናሽ ወንድም ነበር። ጫማ አላስገባ ሲለኝ የጫማዬን ጎን በምላጭ ቀድጄ መስኮት አወጣሁለት። በዚያ ብቅ ብሎ መንገደኛ ያያል። የሰፈሩ ሰው ከእኔ በፊት ለእሱ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር።

ያን ሰሞን ጨው ጠፋ። ቤታችን የቀረችው አንዲት እፍኝ ናት። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባል የለ? እኛ ለመላሱም ለማልቀሱም ወረፋ ያዝን። አንድ ማለዳ ቀበሌ ሱቅ ጨው መጣ ተባለና ሮጥኩ። መሮጥ ካላችሁት።

እንደምታውቁት ሰዉ ድንጋይ አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋይ ግን ምን እምነት አለው? አንዱ በእግሩ ገፋ ካደረገው አለቀ። እኔ ጫማዬን አውልቄ አሰለፍኩት። ያን መስኮት የማያውቅ የለማ! ከኋላዬ ለቆመው ጎረቤቴ ለሽፈራው፣ ሰልፉ ሲሄድ ገፋ ገፋ እንዲያደርግልኝ አደራ ብዬው በባዶ እግሬ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ጭቃ የለበሰ እግሬን ስታይ ጮኸች። ከዚያ አዘነችልኝ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችና ያቺን የመጨረሻ እፍኝ ጨው በተነችበት። “በል እንግዲህ፣ ጨው ሳትይዝ ከመጣህ ወጡንም እግርህንም እርሳቸው!” አለችኝ። ዘፈዘፈችኝ፣ በሸካራ ድንጋይ ፈገፈገችኝ፣ በየጣቶቼ መሐል በጨርቅ አደራረቀችኝ፣ ቅቤ አስነካችኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጉጡ የለም! ሰባት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

እየዘለልኩ ሱቁ ስደርስ ጫማዬ ከፊት ሦስተኛ ሆኗል። ሻጩ ታደለ ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ጠዋት በሰልፉ ሲያልፍ ግን በመስኮቱ ብቅ ያለውን ጉጥ አይቷል። ጫማው የማን እንደሆነ ጠየቀ። የኔ ነው አልኩ።

“ያድርጉታ፣ አባባ!”

አደረግኩት። መስኮቱ ባዶ! ታደለ ጎንበስ ብሎ አየና “ጉጡስ?” አለኝ።

“ዳነ።”

“ዛሬ ጠዋት የነበረው? አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ የሰው ጫማ አድርገው የሰው ወረፋ ሲይዙ አያፍሩም?”

ፊቴንማ አላየውም፤ ፊት የሚታይበት ዘመን አልነበረም። ወደ ሽፈራው ዞርኩ። እሱ ሆዬ ጺሙን እያሻሸ፣ “ጫማውን አውቀዋለሁ፤ ሰውየውን እንጃ!” አይለኝም? የሰዉ ሳቅ እስከ ሳንሱሲ ተሰማ። አልፈርድበትም። እኔ ስቀነስ ጨው አንድ እርምጃ ይቀርበዋል።

ወደ ሰልፉ ጭራ ሄድኩ። ጭራውን ያገኘሁት ቀራንዮ መድኃኔዓለም በር ላይ ነው ብላችሁ አታምኑኝም። ቆምኩ። መጀመሪያ ተረከዜ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ወገቤ ደከመኝ አለ። በመጨረሻ መድከሙ ራሱ ደከመው። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ባንኮኒው ጋ ስደርስ ጣቴ አብጦ፣ ቀልቶ፣ በመስኮቱ ብቅ ብሏል።

ታደለ አየውና ፊቱ በራ። “አሁን ገና እርስዎ ሆኑ፣ አባባ!” ብሎ ጨዉን መዘነልኝ።

ቤት ስገባ ጥሩነሽ እልል አለች። ወዲያው ውሃ አሞቀች፣ ሳፋውን አቀረበች፣ እግሬን ነከረችው፣ እፍኟን ሞልታ ጨው ዘገነች። እግሬን ከሳፋው መንጭቄ አወጣሁት።

“ምነው፣ አንተ ሰውዬ?”

“ተይው ጥሩዬ፣ እንዳታድኚኝ። ማክሰኞ የዘይት ወረፋ አለብኝ።”