የሐኪም ጌታሰው የቡፌ በር

በየሰፈሩ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር የሚደሰት ሰው አይጠፋም። ሌላው "ወይኔ ዕቃዬ" ሲል እሱ እጅጌውን ይሰበስባል። "ባለሙያ እንጥራ" ያለውን ሰው እንደ ጠላት ነው የሚያየው። ሰቆጣ ውስጥ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ክቡር ሐኪም ጌታሰው ነበሩ፤ የሊቀ መንበሩን ጣጣ የምትሸከመው ደግሞ ባለቤታቸው ባንቺ።

"ሐኪም" የተባሉት ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ስላሳለፉ ነው። ጡረታ ሲወጡ መርፌውን አስቀምጠው መዶሻ አነሱ። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል መጋዝና መላጊያ አስገቡና እንጨት ይመረምሩ ጀመር። ጣውላውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡና "ይሄ ገና አልጠናም፤ እረፍት ያስፈልገዋል" ይላሉ።

የቡፌው ነገር የመጣው ከመፈናቀል ሲመለሱ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ቤቱን ቆልፈው ደሃና ወረዳ፣ ዘመድ ዘንድ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ቁልፉ ተሰብሯል፤ ባንቺ ሙሽራ ሆና ስትገባ ይዛው የመጣችው ቡፌ አንደኛው በሩ የለም። ማገዶ ሆኖ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ባንቺ ክፍቱ ላይ ቁራጭ መጋረጃ ሰቀለችና "ሰላሕ ይሥራልን" አለች። ሰላሕ ገበያው አጠገብ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ነው።

"ለአንድ በር?" አሉ ሐኪም እንደተሰደበ ሰው። "ለአንድ በር አናጺ አይጠራም!"

የመጀመሪያው በር፣ እንጨቱ እረፍቱን ሳይጨርስ የተሠራ ኖሮ፣ ሲደርቅ እንደ ኮርቻ ጎበጠ። ሁለተኛው ቦታው ላይ ሲሞከር ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተረፈ። ሐኪም ቆመው አዩት፣ አዩትና "በሩ አልጠበበም፤ ቡፌው ነው የሰፋ" አሉ። ጎባጣው የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆነ፤ ጠባቡ የሽንኩርት መክተፊያ። ስለ ሦስተኛው በቤቱ ውስጥ አይነሳም።

በዚህ መሐል ልጃቸውን ትግስትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተሰማ። ባንቺ መጋረጃውን አየችው። የልጇ አማቾች፣ ያውም በዚህ ጨርቅ ፊት! ገበያ እሄዳለሁ ብላ በቀጥታ ሰላሕ ዘንድ ገባች።

"እትዬ ባንቺ፣ አያስቡ" አላት ሰላሕ። "ኢንሻአላህ ይደርስልዎታል።"

ተመልሳ ለባሏ ልትነግር ወደ ጓሮ ዘለቀች። የምትለውን በመንገድ ስታሰናዳ ነው የመጣችው። ሐኪም ግን አላዩዋትም። አዲስ ጣውላ ላይ አጎንብሰው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ። ፊታቸው እርግት ብሏል፤ ከመፈናቀሉ ወዲህ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

"አንተ፣ ይሄን ነገር ለምን አትተወውም?" አለች። ልትል ያሰበችው ሌላ ነበር።

እጃቸው አላቆመም። "ደሃና ሳለን፣ ድሬሰር ነው ሲባል ሰምቶ ስንቱ በሽተኛ ይመጣ እንደነበር ትዝ ይልሻል? እኔ እጅ ላይ ምን ነበር? መድኃኒት የለ፣ ፋሻ የለ። 'አይዞህ' ብዬ ነበር የምሸኘው። አንዳንዱን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።" ዱቄቱን እፍ አሉት። "እንጨት ግን ዛሬ ባበላሸው ነገ ሌላ እቆርጣለሁ። የሞተ ሰው የለም።"

ባንቺ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በመጣችበት እግሯ ሰላሕ ዘንድ ተመለሰች።

"እንጨቱን አልቆረጥከውም አይደል? ተወው በቃ፤ የኛው ደርሷል።"

አልደረሰም ነበር። የደረሰው በሽማግሌዎቹ ቀን ጠዋት ነው፤ ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። ታላቁ ሽማግሌ አባ ቅጣው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጃችሁን ለልጃችን…" ሲሉ፣ በሩ ሲጥጥ ብሎ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ውስጥ ያለው ብርጭቆና ሰሐን ሁሉ ገሃድ ወጣ። ሐኪም አንገታቸውን ደፉ።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?" አሉ አባ ቅጣው።

"እሳቸው ናቸው" አለች ባንቺ፣ ማንም ሳይቀድማት። "በገዛ እጃቸው።"

አባ ቅጣው በሩን አዩ፣ ሐኪምን አዩ። "እንግዲያው ገና ሳንጨርስ ተከፍቶልናል!" ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ሌላ የተሰበረ ነገር ስላልነበረ ሐኪም ሥራ ፈቱ። መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ የቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው ዝም ብለው ይውላሉ። ሲጠሯቸውም ቶሎ አይሰሙም። ባንቺ ይህን አየች፤ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ከማጀት ደህናውን በርጩማ አነሳችና ግራ ቀኝ ቃኝታ እግሩን ከድንጋይ ጋር አጋጨችው። ንቅንቅ አላለም፤ ጥሩ ባለሙያ የሠራው ነው። እስኪወላገድ ድረስ ደጋገመችው።

ጓሮ ወስዳ ፊታቸው አስቀመጠችው። ሐኪም ገልብጠው አዩት፤ እግሩን ነካ ነካ አደረጉት፤ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"መቼ ትፈልጊዋለሽ?"

"ኧረ ምንም አያስቸኩለኝም" አለች ባንቺ።