ይዘነው የምንዞረው በር

«እሱንስ አትነካውም!» አሉ እትዬ አትጠገብ፣ የቢቸናዋ አከራያችን፣ ነጠላቸውን አሸርጠው ደጃፉ ላይ ተገትረው። «የሰው በር ነቅሎ የሚሄድ ተከራይ የት አገር ነው ያለው?»

አባዬ ብሎኖቹን በጥርሱ ነክሶ ስለነበር ለመመለስ መጀመሪያ መትፋት ነበረበት።

«በሩ የእኛ ነው፣ እትዬ። ስንገባ ይዘነው ነው የመጣነው።»

«እና የእኔ በር የት ገባ?»

እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት ወደ ጓሮ ዞረን አየን። የእትዬ አትጠገብ በር የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል፤ አውራ ዶሮው ላዩ ላይ ቆሟል። ጣሪያ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ረስተውታል።

ሰው ቤት ሲለቅ ምን ይዞ ይሄዳል? እናንተ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቴሌቪዥን ትሉ ይሆናል። ጠንቃቃው አምፖሉን ሳይቀር ይፈታል። እኛ በር ይዘን ነበር የምንሄደው። አይሱዙው ላይ መጀመሪያ የሚጫነው እሱ ነው፤ ፍራሹ በላዩ፣ እኛ በፍራሹ ላይ።

ወላጆቼ ከወላይታ የወጡት ለሥራ ነው። አባዬ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። መንገዱ አንዱን ከተማ አልፎ ሲሄድ ግሬደሩ መንገዱን ይከተላል፣ አባዬ ግሬደሩን፣ እኛ አባዬን። ለሌላው ሰው መንገድ መድረሻ ነው። ለእኛ አባራሪ ነበር፤ ያውም አባታችን በገዛ እጁ የሚያስተካክለው።

በሩ የተወለደው ደጀን ነው። ከአስፋልቱ ዳር በተከራየናት ክፍል አባዬ ካምፕ ሲያድር የከባድ መኪና ረዳቶች አልቤርጎ እየመሰላቸው «አልጋ አለ?» ብለው የተወላገደችውን ሳንቃ ይገፏት ነበር። እማዬ ጀሪካን አስደግፋ ትተኛለች። መተኛት ከተባለ። አባዬ ይህን ሲሰማ ብየዳ ቤት ሄዶ የላሜራ በር አሠራ፤ አረንጓዴ ቀባው። እማዬ በዚያ ሌሊት እያንኮራፋች ስታድር ሰማናት። ደጀንን ስንለቅ ማን ጨክኖ ይተወዋል?

ችግሩ፣ ለአንድ ቤት የተለካ በር ለሌላው ቤት አይሆንም። በሚቀጥለው ከተማ ረዘመ፤ ከሥሩ ተቆረጠ። ቢቸና አጠረ፤ ከላይ ቁራጭ ላሜራ ተበየደለት። ያም ሆኖ መሬቱን እየፋቀ፣ ሰፈሩን እየቀሰቀሰ፣ መጨረሻው ላይ እምቢ ይላል። በክፍተቱ ጨርቅ እንወትፋለን። ቤቱ የሰው ነው፤ አይነካም። የሚቆረጠውም የሚቀጠለውም የእኛ ነው።

እኛስ ብትሉ? ያው ነው። አዲስ ትምህርት ቤት በገባን ቁጥር ከአነጋገራችን ትንሽ ይቆረጣል፣ ትንሽ ይቀጠላል። «አገራችሁ የት ነው?» ሲሉን እኔ ወላይታ እላለሁ፣ ምሕረት ደጀን ትላለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አገር!

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። መንገዱ ሞጣ ደርሷል፣ አይሱዙው ደጅ ቆሟል፣ አባዬ በሩን እየፈታ ነው። እማዬ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። ቢቸና ከገባን ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር፤ በጾም ዘይት፣ በፍስክ ወተት፤ የጎረቤቱን አጽዋማት ከእኛ ሃይማኖት ውጭ ቢሆኑም ከእትዬ አትጠገብ በላይ ታውቃቸዋለች። ደንበኞቿ በስሟ ይጠሯታል። ሌላ ቦታ «የኦፕሬተሩ ሚስት» ነበረች።

«በሩ ይቀመጥ» አለች።

«ሞጣ ያገኘሁት ቤት እኮ በር የለውም።»

«እንግዲያው አንተ ሂድ። እኔ ለዓርብ የታዘዘ ዳቦ አለብኝ።»

ምክንያቱ የዓርቡ ዳቦ እንዳልሆነ ሾፌሩ ሳይቀር ገብቶታል። አባዬ መፍቻውን አዙሮ ያዘ። ከዚያ ብሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ ጀመረ። «ብያለሁ እኮ!» አሉ እትዬ አትጠገብ። አይሱዙው አንድ ፍራሽና አንድ ሰው ጭኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ የራሱን በር ማንኳኳት ጀመረ።

«ማን ነው?» ትላለች ምሕረት።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«አባትሽ።»

ገብቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቦርሳውን ግን ደጅ ይተዋል፣ ጭቃ ነው እያለ። እማዬ ለእንግዳ በምታወጣው ብርጭቆ ሻይ ትሰጠዋለች።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«መጋረጃ ገዛሁለት።»

እማዬ አልሳቀችም። እንዲህ ሆኖ አንድ ክረምት አለፈ። የአባዬ ጉብኝት እያጠረ፣ የምሕረት «ማን ነው?» እየረዘመ ሄደ። አንዳንዴ ማታ እማዬ በሩን ስታየው አያት ነበር። ቤት ይዤ ሰው ለቀቅሁ ወይ የምትል ዓይነት አስተያየት ነው።

አንድ ቅዳሜ አባዬ ከረጢት ተሸክሞ፣ በኪሱ መፍቻ ሸጉጦ መጣ። እማዬ መፍቻውን ስታይ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እሱ ከረጢቱን አራግፎ አወረደ። ሲሚንቶ ነበር።

«እትዬ» አለ ወደ ግቢው፣ «መቃኑን ልነካው ነው፣ ይፈቅዱልኛል?»

«በሩን አትውሰድብኝ እንጂ» አሉ እትዬ አትጠገብ፣ «ከፈለግህ ግድግዳውን ጭነኸው ሂድ!»

በሩን አልቆረጠውም፣ አልቀጠለውም። የድሮውን መቃን ነቅሎ አዲሱን በበሩ ልክ አቆመ፣ ደጃፉን ዝቅ አደረገ፣ ዙሪያውን ለሰነ። እማዬ ውኃ ታቀብለዋለች።

«መንገዱስ?» አለችው።

«ሞጣን አልፎ ሄደ።»

«አንተስ?»

በግንበኛ ማንኪያው ሲሚንቶውን ደጋግሞ ዳበሰው። ለስልሶ ያለቀ ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደረቀ። እማዬ ወጥታ ቦርሳውን ከነጭቃው ብድግ አድርጋ አስገባችው፤ አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

«ዝጊው እስቲ» አላት አባዬ ምሕረትን።

ምሕረት እንደ ልማዷ ትከሻዋን አዘጋጅታ በሙሉ ኃይሏ ልትገፋው ተንደረደረች። ገና በጣቷ ስትነካው፣ በሩ ያለ ድምፅ ሄዶ ግጥም አለ።