ነጭ የተቀቡት በርሜሎች

እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር መጋዘኑ ነጭ ተቀባ። ግድግዳው ተቀባ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ተቀባ፣ በር ላይ ያለው የግራር ግንድ ሳይቀር እስከ ወገቡ ተቀባ። በከተማችን ትልቅ ሰው ሊጎበኝ ሲመጣ እንዲህ ነው። የተበላሸውን ከማደስ ቀለም መግዛት ይቀላል፤ ሹሞቻችን ደግሞ የሚቀለውን መርጠው አይሳሳቱም።

በሦስተኛው ቀን ቀለም ተረፈ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ልዑልሰገድ ወደ ውስጥ ገብቶ በአንድ ጥግ የተደረደሩትን አርባ በርሜሎች አየና ፊቱ ጠቆረ። በርሜሎቹ ዝገዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው ሆዳቸው ላይ የነበልባል ሥዕልና በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለባቸው። ዘበኛውን ጋሽ ድንቁን ጠራው።

«እነዚህንም ቀባቸው።»

«ምልክቱንስ ጌታዬ?»

«እንግዳ የሚያስደነግጠው እኮ ምልክቱ ነው። ቀባውና ‹የሳሙና ጥሬ ዕቃ› ብለህ ጻፍበት።»

ጋሽ ድንቁ በርሜሎቹ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ካርባይድ ነው፤ የጋራዥ በያጆች የሚጠቀሙበት ግራጫ ድንጋይ። በደረቅ ቦታ ከተዉት ዓመት ሙሉ ድምፁ አይሰማም። ውሃ ሲነካው ግን መፍላት ይጀምርና የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ጋሽ ድንቁ ይህን ለመናገር አፉን ከፈተ፤ የአቶ ልዑልሰገድን ፊት አየና መልሶ ገጠመው። ብሩሹን አነሳ። የአንዳንዶቹ በርሜሎች ግርጌ በዝገት ተበልቶ ነበር። እሱንም ቀባው።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተጋርተው፣ ስድሳ የሚሆኑ የኪራይ ክፍሎች አሉ። የሚኖሩባቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። «ከዚያ መጋዘን የሚወጣው ጠረን ልጆቻችንን እያሳመመ ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ለከተማው አስተዳደር አቤት ብለዋል። መልስ አላጡም። በእነሱ በኩል ያለው ግድግዳም ነጭ ተቀብቶላቸዋል።

እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት የውሃ ቦቴ መጥቶ ግቢውን አጠበ። የተረፈው ውሃ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መጋዘኑ ገባና በርሜሎቹ ግርጌ ተኛ። በሩ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ባነር የሚሸከም ብረት እየበየዱ ነበር። ከብየዳው አንዲት ፍንጣሪ ወደ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ከጣሪያው ሥር ጥቁር ጭስ ተነሳ። በያጆቹ ብረቱን ጥለው ሮጡ።

የእሳት አደጋ ቡድኑ በስምንት ደቂቃ ደረሰ። የቡድኑ መሪ ባልቻ ነገዎ ግን መኪናውን በሩ ላይ አላቆመም። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ መቶ ሜትር ርቆ አቆመ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው። የሚነደውን ነገር ስም ሳያውቅ ዘሎ የሚገባ ሰው፣ ለማዳን የሄደ ሳይሆን ሌላ አዳኝ የሚያስፈልገው ሰው ይሆናል። ባልቻ አቅራቢ መነጽሩን አንስቶ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከተ። ነጭ በርሜል፣ ነጭ በርሜል፣ አሁንም ነጭ በርሜል። አንድም የአደጋ ምልክት የለም።

አቶ ልዑልሰገድ እያለከለከ መጣ። «ንብረት እየነደደ ከሩቅ ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አለው ባልቻ።

«የሳሙና ጥሬ ዕቃ ነው። ተጽፎበታል እኮ!»

«ሰነዱን አሳየኝ።»

«አሁን የሰነድ ጊዜ ነው?»

ነፋሱ ለአፍታ ዞር ሲል ባልቻ አየሩን አሸተተ። ነጭ ሽንኩርት ነገር ሸተተው። ሳሙና እንዲህ አይሸትም። «ውሃ እንዳይነካው!» ብሎ ወደ ቡድኑ ጮኸ። ደረቅ አሸዋና የማጥፊያ ዱቄት እንዲቀርብ አዘዘ። ጋሽ ድንቁ አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። ዝም አለ። የአሥራ አራት ዓመት እንጀራውን ፈርቶ ነው የሚሉለት አሉ። ይበሉለት፤ እኔ ግን አላዝንለትም።

በዚህ መሀል የከተማው ምክትል ሹም አቶ ጥላዬ ደረሱ። ከመኪናቸው የወረዱት ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።

«እሳት አደጋ መጥቶ ውሃ አይረጭም? ሰው ምን ይለናል?»

«ምን እንደሆነ ሳናውቅ አንረጭም፣ ክቡር ኃላፊ። ከጀርባ ያሉትን ሰዎች ግን አሁኑኑ ያስወጡልኝ። ነፋሱ ወደ እነሱ ነው።»

«ስድሳ ቤት ሕዝብ አውጥቼ መንገድ ዳር ላሰልፍ? እንግዳ በሚያልፍበት? ባሉበት ይቀመጡ!» አሉና ጠዋት ግቢውን ወዳጠበው ቦቴ ሹፌር ዞሩ። «አንተ! ምን ታያለህ? ርጭ!»

ሹፌሩ ረጨ። ትእዛዝ የሚያከብር ሰው ነው፤ በከተማችን እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከባልቻ ቡድን እልፍነሽ የምትባል አሥር ዓመት የሠራች እሳት አጥፊ ቱቦውን ልትቀማው ሮጠች። የመተንፈሻ ጭንብሏን ገና አላጠለቀችም ነበር። «ተው! ዝጋው!» እያለች ቱቦው ጋ ስትደርስ ውሃው በርሜሎቹ ላይ አረፈ።

ፍንዳታው የመጋዘኑን ግማሽ ጣሪያ አነሳው። ሹፌሩ ቦቴው ሥር ወድቆ ተረፈ። እልፍነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች። «ዓይኔን! ባልቻ፣ ዓይኔን!» ጓደኞቿ ጎትተው አወጧት።

ጋሽ ድንቁ አፉ የተከፈተው ያኔ ነው። «ካርባይድ ነው! አርባውም ካርባይድ ነው! እኔ ነኝ የቀባሁት!»

ባልቻ የዘበኛውን የደንብ ልብስ ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። «ስጠይቅ የት ነበርክ?»

ባልቻ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ስላልነበረው ለቀቀው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ባልቻ የምክትል ሹሙን ፈቃድ ሳይጠይቅ ሁለት ሰዎች ወደ ኪራይ ቤቶቹ ላከ፤ ሰዎቹ ልጆቻቸውን አዝለውና አንጠልጥለው ጭሱ ወደማይደርስበት ወጡ። ቦቴው ተባረረ። ጭንብላቸውን ያጠለቁ እሳት አጥፊዎች አሸዋ እያለበሱ፣ ዱቄት እየነፉ፣ እሳቱን ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው እንዳይዘል ከለከሉት። ስድስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ከአርባው ሃያ ስድስቱ ሳይነኩ ተርፈው ወደ ደረቅ ቦታ ወጡ። ሙቀቱ ግን ነጩን ቀለም አረፋ አስነስቶ ልጦታል። ከሥሩ ያው ነበልባል፣ ያው ቀይ ጽሑፍ ብቅ ብሏል።

ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። የእልፍነሽ ቀኝ ዓይን አይመለስም። ባልቻ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ሲከት፣ አቶ ጥላዬ ከጎኑ ሆነው በስልክ ለሬዲዮ ጣቢያ «ቀላል ጭስ ነበር፣ በቁጥጥር ሥር ውሏል» እያሉ ነበር። አቶ ልዑልሰገድም ሥራ አልፈታም።

«ጋሽ ድንቁ፣ ቀለሙ አላለቀም አይደል? ጉብኝቱ ለነገ ተዛውሯል።»

ጋሽ ድንቁ ወደ ቀለም ባልዲው ሄደ። ብሩሹን አወጣና በጉልበቱ ላይ ሰበረው። ዘግይቷል፤ የእልፍነሽን ዓይን አይመልስም። ቢሆንም ሰበረው።

አቶ ጥላዬ ስልካቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ በአጥሩ ማዶ የቆሙትን አዩ። የስድሳው ቤት ሰዎች ናቸው። ጥቀርሻ የለበሱ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። አይጮኹም፣ አይሳደቡም፣ ወደ ግቢው ብቻ ያያሉ።

«ጨዋ ሕዝብ ነው» አሉ አቶ ጥላዬ። «ቦቴውን ወደ እነሱ ላኩት። ውሃ ይታደላቸውና ይረጋጉ።»

ባልቻ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። የተላጡትን በርሜሎች አየ፣ ሰዎቹን አየ።

«መጀመሪያ ውስጣቸው ያለውን ይጠይቁ፣ ክቡር ኃላፊ» አለ። «ጠዋትም የጀመርነው ውሃ በማፍሰስ ነው።»